ተሳፋሪው የማን ባለዕዳ ነው?

ጥንት ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የሚነሣ ክርስቲያን ከቤቱ ሳይወጣ አስቀድሞ ዕዳውን ይከፍል፣ ከተጣላው ይታረቅ፣ ኑዛዜውንም ይናገር ነበር። በረሓው ውሃ የታጣበት፣ ባሕሩ ማዕበል የበረታበት፣ ጥሻውም ወንበዴ የሚያደባበት ስለ ነበረ፣ መሄዱን እንጂ መመለሱን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የዛሬው ተሳላሚ ግን የቀደመው ሰው ወራት የፈጀበትን ምድር በአይሮፕላን ሆኖ በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ከምድር 10,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ምሳውን ይበላል፤ ጥቂትም ያንቀላፋል፤ ስለ ኑዛዜ ግን አያስብም።

ይህ የልብ ጸጥታ ከወዴት መጣ? ሰማዩ ከበረሓው ይልቅ ለሰው የሚራራ ስለ ሆነ ነውን? አይደለም፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ለእስትንፋስ የማይበቃ፣ ብርዱም የማይቻል ነው። ወይስ የዛሬው ሰው ከአባቶቹ ይልቅ ጽኑ እምነት ስላለው ነውን? ይህንንም ደፍሮ የሚናገር የለም። ነገሩ በእውነት ሲመረመር መልሱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም መንገደኛው በሰላም የሚደርሰው ከእርሱ በፊት ሳይደርሱ የቀሩ ሰዎች ስላሉና የአሟሟታቸው ምክንያት ተመርምሮ ለሕያዋን ትምህርት ስለ ተጻፈ ነው። እንግዲህ በሰላም የደረሰ ሁሉ ባለዕዳ ነው። የማን ባለዕዳ እንደ ሆነ፣ ዕዳውም በምን እንደሚከፈል መመርመር ይገባል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ እንዲሆን በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳር ጎን ለጎን የተሠሩትን ዱባይን፣ ሻርጃንና ዐጅማንን መመልከት ይበቃል። በእነዚህ ሦስት ከተሞች ለእንጀራ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዕረፍት ባገኙም ጊዜ እናትና አባታቸውን ለመጠየቅ፣ ላሊበላን ወይም ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከዚያ በአይሮፕላን ይነሣሉ፤ የዐጅማን ነዋሪም ቢሆን የሚሳፈረው ከሁለቱ ጎረቤቶቿ ነው። በዚያ አገር የመጀመሪያው የአይሮፕላን ማረፊያ የተከፈተው በሻርጃ በ1925 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከእንግሊዝ አገር ወደ ሕንድ የሚመላለሰው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው ድርጅት መንገደኞቹን ያሳርፍበት ነበር። ሕንጻው ዛሬ አል መሐጣ የሚባል ሙዚየም ሆኖአል።

የዚሁ ድርጅት ከነበሩት አይሮፕላኖች አንዱ፣ ሐኒባል የተባለው፣ በ1932 ዓ.ም. የካቲት 22 ቀን 8 ሰዎችን እንደ ያዘ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ ጠፋ። የጥፋቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ አልታወቀም። የእነዚህ ሰዎች ነፍስ በፈጣሪዋ ዘንድ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን በመጨረሻይቱ ሰዓት ያዩትንና የሰሙትን ለኋለኛው መንገደኛ የሚነግርላቸው አንድ ምስክር እንኳ አልተገኘም። ባሕሩ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ትምህርታቸውንም ዋጠው።

እንዲህ ያለው ዝምታ እንዲቀር ከደከሙት ሰዎች አንዱ ዴቪድ ዋረን የተባለው አውስትራሊያዊ ነው። ዋረን ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1927 ዓ.ም. አባቱ የተሳፈረበት አይሮፕላን በአውስትራሊያና በታዝማኒያ መካከል ባለው ባሕር ላይ ጠፋ። ኋላ አድጎ የሳይንስ ሊቅ በሆነ ጊዜ፣ ኮሜት የተባሉት የመጀመሪያዎቹ የጄት መንገደኛ አይሮፕላኖች በ1946 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተሰባብረው 56 ሰዎች አለቁ። እንግሊዞችም የአንዱን ኮሜት አካል በውሃ ገንዳ ውስጥ አግብተው ግፊቱን ደጋግመው ከፍ ዝቅ በማድረግ ሲፈትኑት ብረቱ ከመደጋገም ብዛት እንደሚደክምና እንደሚሰነጠቅ ተረዱ። ዋረን ደግሞ የአብራሪዎቹን ድምፅና የመሣሪያዎቹን ምልክት የሚቀርጽ፣ ከእሳትና ከውድቀት የሚተርፍ ሣጥን ቢኖር ምርመራው ምንኛ በቀለለ ብሎ አሰበ፤ አሳቡንም ወደ ሥራ አወጣው። ይህ ዛሬ ጥቁር ሣጥን የሚባለው ነው፤ ቀለሙ ግን በፍርስራሹ መካከል ቶሎ እንዲታይ ብርቱካንማ ነው። አባቱን በጸጥታ የተነጠቀ ልጅ ለሌሎች አባቶች አንደበት ሰጣቸው።

መንግሥታትም በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ስለ አየር ጉዞ የተዋዋሉት ስምምነት ኋላ 13ኛ ተብሎ በተቆጠረው አባሪው አንድ አስደናቂ ሥርዐት ተደነገገበት። ይኸውም የአይሮፕላን አደጋ የሚመረመረው የሚመጣውን አደጋ ለመከላከል ብቻ እንጂ ጥፋተኛ ለይቶ ለመውቀስ አይደለም የሚል ነው። የመቅጣት ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት የራሱን ሥራ ይሠራል፤ መርማሪው ግን ቁስሉን ገልጦ መድኃኒቱን ይፈልጋል። ይህ ሥርዐት የንስሐን ምሥጢር ለሚያውቅ ምእመን እንግዳ አይሆንበትም። የንስሐ አባት ኀጢአቱን የሚጠይቀው ሊፈውሰው እንጂ ሊያሳፍረው አይደለምና። የተሸሸገ ቁስል ይመረቅዛል፤ የተገለጠ ግን ይድናል።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ በቍጥር ይታያል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ሊቃውንት እንደ መረመሩት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1977 ባለው ዘመን በዓለም ላይ ከ350,000 ተሳፋሪ አንድ ሰው ይሞት ነበር፤ ከ2018 እስከ 2022 ባለው ዘመን ግን ከ13.7 ሚሊዮን ተሳፋሪ አንድ ሆነ። ይህን ቍጥር የሚያነብ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። ነገር ግን ቍጥሩ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ብቻ አድርጎ ቢያስበው ይሳሳታል። እያንዳንዱ የደኅንነት ትእዛዝ፣ ቀበቶን ስለ ማሰርም ሆነ በር ስለ መክፈት፣ አስቀድሞ በሰው ሞት የተገዛ ነው ማለት ይቻላል። የአየር መንገዶች የደኅንነት መዝገብ በላዩ ሲታይ የሕያዋን መመኪያ ነው፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን የሙታን ስም ዝርዝር ነው።

እንግዲህ ሙታን አስተማሪዎች ከሆኑ፣ ትምህርታቸውን አለመስማት ምን ያህል በደል እንደ ሆነ ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ።

በ1996 ዓ.ም. የካቲት 2 ቀን ኪሽ ኤር የተባለው የኢራን አየር መንገድ ፎከር 50 አይሮፕላን 46 ሰዎችን ይዞ ከኪሽ ደሴት ወደ ሻርጃ መጣ። ለማረፍ በተቃረበ ጊዜ፣ አይሮፕላኑ ገና በአየር ላይ ሳለ፣ የሞተሮቹ መዘውር በምድር ላይ ብቻ ሊደረስበት ወደሚገባው ደረጃ ተሳበ። ፕሮፔለሮቹም ወደ ፊት መግፋታቸውን ትተው እንደ ፍሬን ያዙት፤ አይሮፕላኑ ከማረፊያው አጠገብ ወደቀ፤ 43 ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው ነገር ይህ አዲስ አደጋ አለመሆኑ ነው። ከ15 ወር በፊት፣ በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ቀን፣ በሉክሰምበርግ የዚያው ዐይነት አይሮፕላን በዚያው ዐይነት ምክንያት ወድቆ ከ22 ሰዎች 20ው ሞተው ነበር። የሉክሰምበርግ ሟቾች ትምህርታቸውን ለዓለም ትተው ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ወደ ሻርጃ በሚበርረው በዚያ አይሮፕላን ውስጥ አልተሳፈረም።

ሁለተኛው ነገር ለኢትዮጵያውያን ልብ እጅግ የቀረበ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት 19 ቀን ላየን ኤር የተባለው የኢንዶኔዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ በባሕር ላይ ወደቀ፤ 189 ሰዎች አለቁ። የነፋሱን አመጣጥ የሚለካው አንዱ መሣሪያ ሐሰት ሲናገር፣ አብራሪዎቹ አስቀድሞ ያልተነገራቸው ራሱን በራሱ የሚያዝ ሥርዐት የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር። ከዚህ አደጋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣኖች ባደረጉት ግምት ነገሩ ካልታረመ በአይሮፕላኑ ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ አደጋዎች ሊከተሉ እንደሚችሉ አስልተው ነበር። አይሮፕላኑ ግን መብረሩን አላቋረጠም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ 157 ነፍሳት ጠፉ። ሥጋቸውን ለይቶ መቅበር ስላልተቻለ ለቤተ ሰቦቻቸው ከስፍራው አፈር ተሰጣቸው፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም 17 ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ጸሎት ተደረገላቸው። የዓለም መንግሥታት አይሮፕላኑን ከሰማይ ያወረዱት ከዚህ በኋላ ነበር።

በዚህ ስፍራ የነገሩ ክብደት ይታያል። የመጀመሪያው ሟች በሰው አለማወቅ ሞተ ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሰው አለመስማት ሞተ። አለማወቅ ይቅርታ ያስገኛል፤ አውቆ ዝም ማለት ግን በእግዚአብሔር ፊት መልስ ያስፈልገዋል። ነገሩ የታላላቅ ፋብሪካዎችና የባለ ሥልጣኖች ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ተራው ተሳላሚ ምን አገባው የሚልም ይኖራል። ስለዚህ ወደ ዱባይ ተመልሶ ሁለት ሌሎች ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል።

በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ 28 ቀን ዩፒኤስ የተባለው ድርጅት የጭነት አይሮፕላን ከዱባይ ወደ ጀርመን አገር ተነሣ። ከጭነቱ መካከል እጅግ ብዙ የሊቲየም ባትሪ ነበረ፤ እሳትም ተነሣ። ጢሱ የአብራሪዎቹን ክፍል ከመሙላቱ የተነሣ ፊት ለፊታቸው ያለውን መሣሪያ እንኳ ማየት ተሳናቸው። ወደ ዱባይ ለመመለስ ቢታገሉም አልሆነላቸውም፤ ሁለቱም ሞቱ። ከዚህና ይህን ከመሰሉት አደጋዎች የተነሣ በ2008 ዓ.ም. የሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው ጭነት ሆኖ በመንገደኛ አይሮፕላን እንዳይሄድ ተከለከለ። መንገደኛውም ፓወር ባንኩንና ትርፍ ባትሪውን በትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳያኖር፣ ከእጁ እንዳይለየው ታዘዘ፤ በሰው መካከል የተነሣ እሳት ይታያል፣ ይጠፋል፤ በጭነት ክፍል የተነሣ እሳት ግን ሳይታይ ይበረታልና። ዛሬ ተሳላሚው ሻንጣውን ሲያስመዝን «ባትሪ አለበት ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው ትሑት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ አንደበት የሚጠይቁት ግን እነዚያ ሁለት ሙታን ናቸው። ጥያቄውን ሰልችቶ በሐሰት የሚመልስ ሰው የሚዋሸው ለሠራተኛው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ 27 ቀን የሆነው ነው። የኤምሬትስ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 521 ከሕንድ አገር 300 ሰዎችን ይዞ ዱባይ ደረሰ። ጎማዎቹ ማኮብኮቢያውን ከሚገባው አርቀው ስለ ነኩ አብራሪዎቹ እንደ ገና ለመነሣት ፈለጉ፤ ለዚሁ የተሠራውንም ቍልፍ ተጫኑ። ነገር ግን ቍልፉ ጎማ ምድር ከነካ በኋላ ሥራውን እንዲተው ሆኖ የተሠራ ነበር። ሞተሮቹ ኃይል አልጨመሩም፤ ይህም የታወቀው ዘግይቶ ነው። አይሮፕላኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ፤ በማኮብኮቢያውም ላይ ተንሸራትቶ በእሳት ተያያዘ።

ከተሳፋሪዎቹ አንድ እንኳ አልሞተም። አስተናጋጆቹ በጢስና በነበልባል መካከል ሰውን ሁሉ አስወጡ፤ የአይሮፕላኑ አዛዥና የአስተናጋጆቹ አለቃ ሌላው ሁሉ ከወጣ በኋላ የወጡ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። በዚያ ሰዓት አያሌ ተሳፋሪዎች «ሻንጣ ተዉ!» እየተባሉ ሻንጣቸውን ከመደርደሪያ ያወርዱ እንደ ነበር ተመስክሮአል። አይሮፕላኑ ከቆመ ከዘጠኝ ደቂቃ ያህል በኋላ የነዳጁ ጋን ፈነዳ፤ እሳቱን ሊያጠፋ የመጣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሞተ።

ያ ሠራተኛ በአይሮፕላኑ አልተሳፈረም፤ ከተሳፋሪዎቹም አንዱን አያውቅም ነበር። የሞተው በሻንጣ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ይህን የሚል ሐሰት ይናገራል። ነገር ግን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሁለት ዐይነት ሰው ታየ፤ አንዱ ከእሳቱ ሲወጣ ንብረቱን የያዘ፣ ሁለተኛው ወደ እሳቱ ሲቀርብ ነፍሱን እንኳ ያልሳሳ። መንገደኛ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል።

ሻንጣውን ባነሣው ሰው ላይ ቶሎ መፍረድም አይገባም። በስደት ብዙ ዓመት የደከመች እኅት ለእናቷ የገዛችው ወርቅ፣ የቀጣሪዋ ወረቀት፣ ፓስፖርቷ፣ የልጇ ልብስ በዚያች ሻንጣ ይኖራል። ተሳላሚውም ከጎልጎታ ያመጣው ሻማ፣ በልብሱ ጠቅልሎ የያዘው ሥዕለ አድኅኖ፣ ለጎረቤት የሚያካፍለው ጠበል ይኖረዋል፤ ይህን ትቶ መውጣት ቅዱሱን ነገር መናቅ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መንገደኛ አይሮፕላን የበሮቹ እኩሌታ ተዘግቶ እንኳ በ90 ሴኮንድ ሰውን ሁሉ እንዲያስወጣ ሆኖ ይሠራል፤ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ አንድ ሰው ሻንጣ ለማውረድ የሚቆምባት ጊዜ ከኋላው ያለው ሰው እስትንፋስ ናት። ሻማው የትንሣኤ መታሰቢያ ነው፤ ከኋላ የቆመው ሰው ግን ክርስቶስ የሞተለት ነው። ከሁለቱ ማንኛው እንዲቀድም ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ችግሩ እሳት በተነሣ ጊዜ ማወቅ አለመብቃቱ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በእሳቱ ፊት ሳይሆን ቀበቶ በሚታሰርበት በጸጥታው ሰዓት ሊቈረጥ ይገባዋል።

በዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያዎች ይነሣሉ። አንዳንዱ ሰው «ቀኑ ካልደረሰ ሰው አይሞትም፤ ቀኑ ከደረሰም ትእዛዝ አያድነውም» ይላል። ይህ ቃል የእምነት ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ ፈታኙ በመላእክት ተማምኖ ራሱን እንዲወረውር ጠየቀው፤ እርሱም ፈጣሪን መፈታተን እንደማይገባ መልሶ አሳፈረው። በእግዚአብሔር መታመንና እግዚአብሔርን መፈታተን በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን ይለያያሉ። የሚታመን ሰው የሚቻለውን ሁሉ ፈጽሞ የማይቻለውን ለአምላኩ ይተዋል፤ የሚፈታተን ግን የሚቻለውን ትቶ ተአምር ይጠብቃል።

ሌላው ደግሞ ከአደጋ ተርፎ «እኔን እግዚአብሔር ስለ ወደደኝ አተረፈኝ» ይላል። ማመስገኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የሞቱትን እንዳይወቅስ መጠንቀቅ ያስፈልገዋል። በ1990 ዓ.ም. ታኅሣሥ 6 ቀን በሻርጃ አጠገብ የታጂኪስታን አይሮፕላን ሲወድቅ ከ86 ሰዎች አንዱ ብቻ ተረፈ። ሰማንያ አምስቱ ያልተወደዱ ነበሩ ሊባል ነውን? በወንጌል እንደ ተጻፈ፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ጌታ እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የከፉ እንዳልነበሩ አስተማረ፤ የሚሰሙትንም ወደ ንስሐ ጠራቸው። የሙታንን ኀጢአት መቍጠር አልፈቀደም፤ ሕያዋን ከሞታቸው እንዲማሩ ግን አዘዘ። የተረፈ ሰው እንግዲህ የተመረጠ ነኝ ከማለት ይልቅ ባለዕዳ ነኝ ቢል ለእውነት ይቀርባል።

ዕዳው ለሙታን በገንዘብ አይከፈልም፤ እነርሱ ገንዘብ አይሹም። የሚከፈለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መታሰቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያን በየብስና በባሕር ስለሚሄዱ መንገደኞች ትጸልያለች፤ ያረፉትንም ታስባለች። በገዳም ያለ መነኵሴ አይሮፕላን በላዩ ሲያልፍ ድምፁን በሰማ ጊዜ ስለ ተሳፋሪዎቹና በዚያ መንገድ ስለ ቀሩት አንድ ጊዜ «አቤቱ ማረን» ቢል የሰማዩን መንገድ ከሚጠብቁት አንዱ ሆነ። ሁለተኛው መስማት ነው። አስተናጋጅዋ ስለ በሩ፣ ስለ ቀበቶውና ስለ መተንፈሻው ስታመለክት ተሳፋሪው ዐሥረኛ ጊዜው እንኳ ቢሆን ቀና ብሎ ቢያይ፣ ያ መሰላቸቱን ድል ማድረጉ ለሙታን እንደ ተዝካር ይቈጠርለታል። ስሕተት ያየ ሠራተኛ ለእንጀራው ፈርቶ ዝም ባይል፣ የእንግዳ ማረፊያው አባትም ተሳላሚውን መርቆ ሲሸኘው «ልጄ፣ እሳት ቢነሣ የባረክሁልህን ሻማ ትተህ ውጣ» ብሎ ቢነግረው፣ ሁሉም ከዕዳው ይከፍላሉ።

በባሕር ላይ ያለ ምስክር የጠፉት፣ በሻርጃ አሸዋ ላይ የወደቁት፣ በቢሾፍቱ እርሻ አፈር የሆኑት፣ በዱባይ ማኮብኮቢያ ላይ ለማያውቀው ሰው የሞተው አንዱ፣ ሁሉም ከዛሬው መንገደኛ ቀድመው ሄደዋል። እርሱ በሰላም ወርዶ የቅዱሱን ቦታ ደጃፍ በሚሳለም ጊዜ ከራሱና ከቤተ ሰቡ ስም ቀጥሎ እነርሱንም ያስባቸው፤ ስማቸውን ባያውቅም እግዚአብሔር ያውቀዋልና። ለእነርሱ ዕረፍተ ነፍስን፣ በጉዞ ላሉት መልካም መድረሻን፣ ለሚሰሙትም አስተዋይ ልቡናን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።